የንግድ ጦርነትና የባሕር ጭነት

ከዓለም የሸቀጥ ንግድ በመጠን ከ80 በመቶ በላይ የሚጓጓዘው በመርከብ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ኢኮኖሚዎች ቀረጥ መወራወር ሲጀምሩ፣ ቀረጡ የተጣለው በዕቃው ላይ ቢሆንም፣ ዱላው መርከቡንም ያገኘዋል።

“ፒክ ፔጋሰስ” የተባለችው መርከብ 70 ሺህ ቶን ገደማ አኩሪ አተር ጭና እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ከአሜሪካ ተነሳች። የቻይናው ዳሊያን ወደብ አቅራቢያ የደረሰችው ጁላይ 6 ነበር፤ ቤጂንግ በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ የጣለችው የ25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ የጀመረውም በዚያው ዕለት ነው። በሰዓታት የተቀደመችው መርከብ ከወር በላይ ባሕር ላይ ስትዞር ከርማ በኦገስት አራገፈች። መርከብ ቆማም ኪራይና ነዳጅ ትበላለች።

አስመጪዎች ከዚህ ዓይነቱ ጣጣ ለማምለጥ፣ ቀረጡ ሳይጀምር ዕቃቸውን ለማስገባት ይሽቀዳደማሉ። ያኔ የኮንቴይነር ማጓጓዣ ዋጋ ይንራል፤ ጥድፊያው ሲያልፍ ደግሞ ይወርዳል። በ2025 ግን ጥድፊያው የመጣው ቀረጡ ሲቀንስ ነው። በኤፕሪል አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ የጣለችው ቀረጥ 145 በመቶ ሲደርስ የጭነት ትእዛዝ አሽቆለቆለ፤ የመርከብ ድርጅቶችም በርካታ ጉዞዎችን ሰረዙ። በሜይ ለ90 ቀን ወደ 30 በመቶ ዝቅ ሲል ሁሉም ባንዴ ቦታ ፈለገና ዋጋው ተተኮሰ።

የሚገርመው፣ ጠቡ ለአንዳንድ ባለመርከቦች ሲሳይ መሆኑ ነው። ቻይና አኩሪ አተሯን ከአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ትታ ከብራዚል ስትገዛ መንገዱ ይረዝማል። ያው እህል መርከቡን ለብዙ ቀን ስለሚይዘው ገበያ ላይ ባዶ መርከብ ይቀንሳል፣ ኪራይም ከፍ ይላል።

ጠቡ በቀጥታ ወደ መርከቦቹ የዞረው በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። አሜሪካ ቻይና ሠራሽ በሆኑና ቻይናውያን በሚያንቀሳቅሷቸው መርከቦች ላይ የወደብ ክፍያ ጣለች፤ ቻይናም በዚያው ቀን አጸፋውን መለሰች። ከዓለም አዳዲስ መርከቦች በቶን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከቻይና የመርከብ ማምረቻዎች ስለሚወጡ፣ ከጠቡ ውጪ የሆኑ አገሮች ድርጅቶችም ለአሜሪካ መስመር የሚመድቧቸውን መርከቦች መቀያየር ጀምረው ነበር። ከወር ሳያልፍ፣ ኖቬምበር 10፣ ሁለቱም ክፍያውን ለአንድ ዓመት አገዱ። ዛሬ አዲስ መርከብ የሚያዝ ሰው ግን የሚረከበው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የትኛው አገር ማምረቻ ይሥራልኝ የሚለውን ግን አሁኑኑ መወሰን አለበት።