ከሳንቲም ላይ የጠፋ ዓመተ ምሕረት ማውጣት ምንድን ነው?

ሳንቲም ከእጅ እጅ ሲዞር፣ ኪስ ውስጥ ሲፋተግ ቀድሞ የሚያልቀው ከፍ ብሎ የወጣው ክፍል ነው። ዓመተ ምሕረቱ እዚያ ከፍታ ላይ ከተጻፈ ከሌላው ጽሑፍ ሁሉ ቀድሞ ይጠፋል። ያኔ ሳንቲሙ የየት አገር እንደሆነ ይታወቃል፤ መቼ እንደተመታ ግን አይታወቅም። ዓመተ ምሕረት ማውጣት የሚባለው ይህን የጠፋ ቁጥር በኬሚካል እንዲነበብ ማድረግ ነው። ቁጥሩ እንደገና አይቀረጽም፤ ምንም ነገርም አይጨመርበትም። የሚወጣው ማዕድኑ ውስጥ ተደብቆ የቀረው አሻራ ነው።

አሻራው የሚቀረው ሳንቲም ስለሚመታ ነው። ድቡልቡሉ ዝርግ ብረት በሁለት ማኅተሞች መካከል ገብቶ በከባድ ኃይል ሲጨፈለቅ፣ በቁጥሩ ሥርና በዙሪያው ያለው ማዕድን እኩል አይጨመቅም። አንዱ ቦታ ውስጣዊ አደራደሩ በጣም ይዛባል፣ ሌላው በጥቂቱ። ላዩ ተፍቆ ልሙጥ ከሆነ በኋላም ይህ ልዩነት ከሥሩ ይቆያል። አሲድ ሲነካው በጣም የተዛባውና ብዙም ያልተዛባው በተለያየ ፍጥነት ይበላሉ፤ በዚህ የተነሳ ቁጥሩ እንደ ጥላ ብቅ ይላል። የፖሊስ ፎረንሲክ ባለሙያዎች በሞረድ የተፋቀ የመኪና ሻንሲ ቁጥር ወይም የጦር መሣሪያ ቁጥር የሚያወጡት በዚሁ መርህ ነው።

አሲድ ከማንሳት በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ የዚህ ሳንቲም ዓመት በእርግጥ አይታወቅም? ጅማ ውስጥ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ለተቀመጡት አብዛኞቹ ገንዘቦች መልሱ “ይታወቃል” ነው። ጠገራ ብርን እንውሰድ። በአባ ጅፋር ዘመን በሂርማታ የሐሙስ ገበያ ይዘዋወር የነበረው፣ በኋላም ቀለበት እየተበየደለት የአንገት ጌጥ የሆነው የማሪያ ቴሬዛ ብር ሁሌም 1780 (እ.ኤ.አ.) ነው የሚለው። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ከሞተች በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲመታ ቁጥሩ አልተቀየረም። ስለዚህ ቁጥሩ የጠፋ ጠገራ ላይ አሲድ ማንጠብጠብ ብሩን ከማበላሸት በቀር የሚነግረን አዲስ ነገር የለም።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም እንዲሁ ናቸው። ንጉሡ ዘውድ ደፍተው ከታዩ 1923 ነው፤ ራሳቸው ባዶ ከሆነ 1936። የ1936ቱ ዓመተ ምሕረት ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ተመትቷል፤ ስለዚህ ፲፱፻፴፮ ቢጠፋም የጠፋ መረጃ የለም። የ25 ሳንቲሙ ጠርዝ ክብ ከሆነ ቀደምቱ ነው፤ ከ50 ሳንቲሙ ጋር እንዳይምታታ ኋላ ላይ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል እንዲሞገግ ተደርጓል። ይህ ከዓመተ ምሕረቱ የበለጠ ይናገራል።

የምኒልክ ብር ላይ ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን ያለ አሲድ ይገኛል። ባለ አንድ ብሩ የሚገኘው በ1887፣ በ1889፣ በ1892 እና በ1895 ነው። በግዕዝ ቁጥር ሲጻፉ ሁሉም በ፲፰፻ ይጀምራሉ፤ ቀጥለው ያሉት ፹፯፣ ፹፱፣ ፺፪ እና ፺፭ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ምልክቶች አራቱም የተለያዩ ስለሆኑ አንዷን ብቻ ማንበብ ይበቃል፤ ፪ ከሆነች 1892፣ ፯ ከሆነች 1887። ክፍሉን አጨልሙ፤ የስልክ ባትሪውን ከሳንቲሙ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ብርሃኑ ላዩን ታክኮ እንዲያልፍ አድርጉ፤ ሳንቲሙን በቀስታ እያዞራችሁ በየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት። ከላይ በቀጥታ ሲታይ ልሙጥ የሚመስል ቦታ በጎን ብርሃን የምልክቷን እግር ወይም ራስ ያሳያል። ብዙ ሰው ይህን ሳይሞክር ወደ ኬሚካል መሮጡ ያሳዝናል፤ በአሲድ የተበላ የምኒልክ ብር ተመልሶ አይድንም።

አሲዱ ሥራውን በደንብ የሚሠራው መዳብና ኒኬል በተቀላቀሉበት ሳንቲም ላይ ነው። ዘዴው የታወቀውም በአሜሪካው ባለ ጎሽ 5 ሳንቲም ነው። ከ1913 እስከ 1938 እ.ኤ.አ. የተመታ፣ 75 በመቶ መዳብና 25 በመቶ ኒኬል የሆነ፣ 5 ግራም የሚመዝን ሳንቲም ነው። ዓመቱ ከፊቱ በኩል ባለው የቀይ ሕንዳዊ (የአሜሪካ ነባር ተወላጅ) ምስል ትከሻ ላይ ከፍ ብሎ ስለተጻፈ ገና በጥቂት ዓመት አገልግሎት ይጠፋል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው ዝርዝር መሐል ሊገኝ ይችላል። እዚህም ላይ መጀመሪያ ጀርባውን ማየት ነው፤ ጎሹ የቆመው ጉብታ ላይ ከሆነ ሳንቲሙ የ1913 ነው፣ ምክንያቱም ያ ቅርጽ የተመታው በዚያ ዓመት ብቻ ነው። ጎሹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ከቆመ ግን ዓመቱን አሲድ ይንገረን።

ለዚህ ሥራ የሚውለው አሲድ፣ ፌሪክ ክሎራይድ፣ ብር ላይ ግራጫ ልባስ ይተዋል። የ1936ቱን የመዳብ ሳንቲም ፈጥኖ ስለሚበላው ቁጥሩንም ዙሪያውንም አብሮ ያጠፋዋል። በኋላ ከመጡት ባለ 5 እና ባለ 10 ሳንቲሞች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ብረት፣ ላያቸው የነሐስ ልባስ ነው፤ ልባሱ ከተነሳ ዝገት ይጀምራል። ማግኔት ቢያስጠጉበት ሳንቲሙ ከተሳበ አሲድ ክልክል ነው። ለመለማመድ መገበያያነቱ ያበቃ የውጭ ሳንቲም ይሻላል፤ ለምሳሌ ከ1947 እ.ኤ.አ. በኋላ የተመታ የእንግሊዝ አሮጌ ሽልንግ የመዳብና ኒኬል ቅልቅል ነው።

ፌሪክ ክሎራይድ የኤሌክትሮኒክስ ሠሪዎች የሰርኪውት ቦርድ መዳብ ለማንሳት የሚጠቀሙበት ቡናማ ፈሳሽ ነው። ሳንቲሙን በሳሙና እጠቡት፤ ቀጥሎ ጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው አሴቶን ጥረጉት። የጣት ቅባት ከቀረበት አሲዱ እየሸሸ እንደ ነጠብጣብ ይበላዋል። ጓንትና መነጽር ካደረጋችሁ በኋላ ሳንቲሙን የላስቲክ ክዳን ላይ አስቀምጡ፤ በስቴኪኒ ጫፍ አንድ ጠብታ ብቻ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ላይ አኑሩ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ቆዩ፤ በውኃ አጥባችሁ በጎን ብርሃን እዩት። ካልታየ ድገሙት። መጀመሪያ የሚታየው ጭጋግ የመሰለ ጥቁረት ነው፤ ቀጥሎ ከውስጡ የአንዱ ቁጥር ጎን ይለያል። ሦስቱ ታይተው አንዱ ከቀረ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ ቀጣዩ ጠብታ የቀረውን ሊያወጣ፣ የወጣውን ደግሞ ሊያደበዝዝ ይችላል። ሲነበብ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ ሳንቲሙን ንከሩት፤ አረፋው ሲያበቃ እጠቡት፣ በሶፍት አድርቁት።

ቀስ ያለው መንገድ አቼቶ ነው። አራት እጅ አቼቶ፣ አንድ እጅ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፤ ለአንድ ሳንቲም 40 ሚሊ ሊትር አቼቶና 10 ሚሊ ሊትር ፐርኦክሳይድ በቂ ነው። ሳንቲሙን ጨምራችሁ በየግማሽ ሰዓቱ እዩት። ፈሳሹ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ መዳቡ እየሟሟ ነው። ጥቅሙ ሳንቲሙ በሙሉ እኩል ስለሚደበዝዝ ቁጥሩ ላይ ጥቁር ጠባሳ አለመተዉ ነው። ዕቃውን አትክደኑ፤ ጋዝ ይጠራቀማል። ቅልቅሉን ለነገ አታስቀምጡ፤ ጨው አትጨምሩበት። በረኪና ደግሞ በምንም ዓይነት ከሁለቱም ጋር እንዳይገናኝ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በር ወይም መስኮት ከፍቶ፣ በተለይ በረንዳ ላይ መሥራት ይሻላል።

የሚበላሸው በአብዛኛው በችኮላ ነው። ጠብታውን አምስት ደቂቃ ትቶ የሄደ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው ጉድጓድ ነው፤ የተጨመቀው ማዕድን ስስ ስለሆነ አንዴ ካለፉት ከሥሩ የሚነበብ ነገር የለም። ቁጥሩ ከወራት በኋላ ሲደበዝዝ ሁለተኛ ጊዜ ማውጣት ይቻላል፤ ግን በዚሁ ምክንያት ከመጀመሪያው የደከመ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ የወጣውን ቁጥር “ለማጥራት” በጥርስ ብሩሽ ይፈትገዋል። ያ ጥላ እንጂ ቅርጽ አይደለም፤ በፍትጊያ ይሄዳል።

የጅማ እርጥበት የራሱ ጣጣ አለው። ፌሪክ ክሎራይድ ከአየር ላይ ውኃ ይስባል፤ ክረምት ላይ ክዳኑ የላላ ጠርሙስ ሲቀጥንና ሲያፈስ ይገኛል፤ የነካውን ልብስና እንጨት ቡናማ አድርጎ ያስቀራል። በደንብ ያልደረቀ ሳንቲም ላይም በጥቂት ሳምንት አረንጓዴ ሻጋታ የሚመስል የመዳብ ዝገት ይወጣል። ከታጠበ በኋላ እንደገና በአሴቶን መጥረግ፣ ሙሉ ቀን ደረቅ ቦታ ማቆየት፣ ከዚያ በወረቀት ፖስታ ማስቀመጥ ይበጃል፤ ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል።

ያገለገለው ፈሳሽ መዳብ ስላለበት ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርድ ቦይ ወይም ጓሮ አትክልት ላይ አይደፋም። በላስቲክ ዕቃ ቤኪንግ ሶዳ አረፋው እስኪያቆም ይጨመርበታል፤ ጭቃው ሲዘቅጥና ሲደርቅ በላስቲክ ታስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣላል።

ዋጋን በተመለከተ፣ በአሲድ ዓመቱ የወጣለት ሳንቲም ለሰብሳቢ ሁልጊዜ ጉዳት እንደደረሰበት ይቆጠራል፤ ያንኑ ዓመት በራሱ ከሚያሳይ ሳንቲም እጅግ ያነሰ ያወጣል። ባለ ጎሹ ላይ እንኳ ትርፍ የሚኖረው ዓመቱ ብርቅ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የ1918 ቁጥር በ1917 ላይ ተደርቦ የተመታው፣ ከጀርባው ዲ የሚል ፊደል ያለው። ለሌላ ሰው ሲሰጥም ሲሸጥም “በአሲድ የወጣ ነው” ተብሎ ፖስታው ላይ መጻፍ አለበት።