በቴሌቪዥን ክርክር የዕጩዎችን የንግግር ችሎታ ስንመዝን የምንሳሳታቸው ነገሮች

የምርጫ ክርክር በቴሌቪዥን ተላልፎ ገና ሳያልቅ ሁሉም ዳኛ ይሆናል። «እገሌ ልክ ልኩን ነገረው!» ይባላል። ፍርዱ ግን ብዙ ጊዜ የንግግር ችሎታን ትቶ መልክን፣ ድምፅን ወይም ቀድሞ የተመረጠውን ፓርቲ የሚመለከት ነው። በብዛት ከሚነገሩት ጥቂቶቹን ልጥቀስ፤ ምሳሌዎቹ ከአሜሪካ የምርጫ ክርክሮች የተወሰዱ ናቸው፤ ቀኑና ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሳይደናቀፍ የሚናገር ጥሩ ተናጋሪ ነው»

በእኔ ግምት የብዙዎቹ ስሕተቶች ሥር ይህ ነው። ዕጩዎች ከክርክሩ በፊት ተቀናቃኛቸውን ሆኖ የሚጫወት ሰው ፊት ለፊት አቁመው ለቀናት ይለማመዳሉ። ስለዚህ ጥያቄው ምንም ይሁን ምን፣ መልሱ ዞሮ ዞሮ የተጠናው ንግግር ላይ ሊያርፍ ይችላል። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሕዝቡን የሚያሳስበው ግን…» ሲባል ጆሯችሁን አቁሙ።

መፈተኛው ቀላል ነው። የአወያዩን ጥያቄ በአንድ መስመር ጻፉ፤ ዕጩው ሲጨርስ መልሱን ከሥሩ ጻፉ። የሚጻፍ ነገር ካጣችሁ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ያዳመጣችሁት ያማረ ድምፅ ብቻ ነው።

መንተባተብ ደግሞ የሐሳብ ድህነት አይደለም። ጆ ባይደን ከልጅነታቸው ጀምሮ ከመንተባተብ ጋር እንደታገሉ በይፋ ተናግረዋል። ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ይወዳደሩ የነበሩት ሪክ ፔሪ በ2011 የገጠማቸው ግን ሌላ ነው፤ «ሦስት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እዘጋለሁ» ብለው ሦስተኛውን መጥራት አቃታቸው። የመጀመሪያው የአንደበት ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የገዛ ዕቅድን መርሳት ስለሆነ ነጥብ ቢያስቀንስ አይገርምም።

«ኒክሰንና ኬኔዲ ሲከራከሩ በሬዲዮ የሰሙት ለኒክሰን፣ በቴሌቪዥን ያዩት ለኬኔዲ ፈረዱ»

ይህች ታሪክ ያልተጠቀሰችበት የንግግር ሥልጠና ያለ አይመስለኝም። እርግጥ ነው፣ መስከረም 26 ቀን 1960 ቺካጎ ላይ ኒክሰን በጉልበት ኢንፌክሽን ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ ብዙም አልቆዩም ነበር፤ ከስተዋል፣ ገርጥተዋል። የሬዲዮው ወሬ ግን በዋናነት በአንድ የገበያ ጥናት ድርጅት መጠይቅ ላይ የቆመ ነው፤ በመጠይቁ ውስጥ የነበሩት የሬዲዮ አድማጮችም 300 አይሞሉም። እነዚህ ሰዎች ከመነሻው ወደ ኒክሰን ያዘነበሉ ሊሆኑም ይችላሉ። በሌላ በኩል በ2003 የታተመ አንድ ሙከራ ያንኑ ክርክር ለአንዳንዶች በምስል፣ ለሌሎች በድምፅ ብቻ አቅርቦ ነበር፤ በምስል ያዩት ይበልጥ ወደ ኬኔዲ አዘነበሉ። ስለዚህ ምስል ያሳስታል የሚለው ውሸት አይደለም፤ ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው ነው ደካማው። ጥርጣሬ ሲገባችሁ አንዱን ዙር ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት።

«ከመልእክቱ 93 በመቶው ያለው በድምፅ ቃናና በአካል እንቅስቃሴ ነው»

አይደለም። ቁጥሩ የመጣው በ1967 ከታተሙ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የአልበርት መህራቢያን ሙከራዎች ነው። ሙከራዎቹ የፈተሹት በነጠላ ቃላት የሚገለጽን የመውደድና የመጥላት ስሜት ነው። ስለ ግብር ፖሊሲ የሚሰጥን ማብራሪያ አይመለከቱም።

«አንዲት ስለታም ምላሽ ከተገኘች ክርክሩ አለቀ»

በ1988 የምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩዎች ሲከራከሩ ሎይድ ቤንትሰን ራሳቸውን ከጆን (ጃክ) ኬኔዲ ጋር ላነጻጸሩት ዳን ኩዌል «እርስዎ ጃክ ኬኔዲ አይደሉም» አሏቸው። አዳራሹ ተናወጠ፤ ምርጫውን ያሸነፈው ግን የኩዌል ወገን ነው።

የሮናልድ ሬገን የ1984ቱ ቀልድ የተሻለ ሥራ ይመስለኛል። በ73 ዓመታቸው በቀውስ ጊዜ መሥራት ይችሉ እንደሆነ ሲጠየቁ መጀመሪያ ጥርጣሬ የለኝም ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ ነው የተቀናቃኜን ወጣትነትና ልምድ ማነስ ለፖለቲካ አልጠቀምበትም ብለው ያሾፉት። ተቀናቃኛቸው ዋልተር ሞንዴል ራሳቸው ሳቁ።

«ብዙ ቁጥር የደረደረ የበለጠ ያውቃል»

አሥር ነገር በአንድ ትንፋሽ መዘርገፍ ቀላል ነው፤ አንዱን ለማስተባበል ግን ደቂቃ ይፈጃል። ተቀናቃኙ ስምንቱን ሳይነካ ቢያልፍ ስምንቱ እውነት ሆኑ ማለት አይደለም።

«አሸናፊው እዚያው ሌሊት ይታወቃል»

በ1976 ጄራልድ ፎርድ በምሥራቅ አውሮፓ የሶቪየት የበላይነት የለም አሉ። ክርክሩ እንዳለቀ የተጠየቁ ብዙ ተመልካቾች ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም ነበር። የዜና ሰዎች ደጋግመው ካነሡት በኋላ ግን ፍርዱ ወደ ተቀናቃኛቸው ጂሚ ካርተር ዞረ። ተንታኞች ስቱዲዮ ሳይገቡ የራሳችሁን ውጤት ጽፋችሁ አስቀምጡ።

«የሚመዘነው ሲናገር ነው»

በ1992 በሪችመንድ አንዲት ሴት ከታዳሚው መካከል ተነሥታ፣ የአገሪቱ ዕዳ ዕጩዎቹን በግል እንዴት እንደነካቸው ጠየቀች። ጆርጅ ቡሽ በዚያው ጊዜ ሰዓታቸውን ሲያዩ በካሜራ ተይዘው ብዙ ተወራባቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ቡሽ ጥያቄው በደንብ እንዳልገባቸው ተናገሩ፤ ተቀናቃኛቸው ቢል ክሊንተን ወደ ሴትየዋ ጠጋ ብለው፣ መልስ ከመስጠታቸው በፊት፣ አንቺንስ እንዴት ነካሽ ብለው ጠየቋት።