አፕሩቭድ ምንድን ነው? «ገንዘቡ ገብቷል» ማለት አይደለም

«ካርዱ አፕሩቭድ (ተፈቅዷል) ካለ ገንዘቡ ያንተ ነው። ባንኩ ዋስ ሆኖልሃል። ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም።»

ይህን አባባል ከነጋዴዎች አፍ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ ሰው በስልካቸው ካርድ መቀበል ለጀመሩ ሰዎች በቪዲዮ፣ በሙሉ ልብ፣ ምክር አድርጎ ሲሰጠው አየሁ። የእኔ ሥራ ነጋዴና ደንበኛ በካርድ ክፍያ ሲካሰሱ ፋይሉን ማገላበጥ ነው። ይህን ምክር አምነው ገንዘብ ያጡ ሰዎች ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ካርድ ሪደሩ (ካርድ የሚያነበው መሣሪያ) የት እንደሚገዛ፣ አፑ እንዴት እንደሚጫን እዚህ አላነሳም። እሱን ማንም ያሳያችኋል። የማወራው አሜሪካ ስላለው አሠራር ነው።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። አገር ቤት በቴሌብር የሚከፍል ሰው የምስጢር ቁጥሩን አስገብቶ ገንዘቡን ራሱ ይልካል። መልእክቱ ስልካችሁ ላይ ሲገባ ገንዘቡም አብሮ ገብቷል። ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ሰው በዚህ ለምዷል። (በነገራችን ላይ መልእክቱን በራሳችሁ ስልክ እዩ። ደንበኛ የሚያሳያችሁ ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም።) ካርድ ግን የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ደንበኛው አይልክላችሁም፤ እናንተ ናችሁ ከሂሳቡ የምትስቡት። ለመሳብ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። አፕሩቭድ ያ ፈቃድ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር አይደለም።

ሽማግሌ ልኮ ልጅ መጠየቅን አስቡ። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ጉዳያቸውን ይናገራሉ። የሴቷ ቤተሰብ ይመክርና «እሺ» ወይም «አይሆንም» ይላል። በካርዱም እንደዚሁ ነው። የወንዱ ወገን እናንተና የክፍያ ኩባንያችሁ ናችሁ። ሽማግሌዎቹ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ናቸው። የሴቷ ቤተሰብ ለደንበኛው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። ደንበኛው ካርዱን ስልካችሁ ላይ ሲያስነካ ሽማግሌ ተልኮ፣ ተመክሮ፣ መልሱ እስኪመጣ ሁለት ሴኮንድ ቢፈጅ ነው። (አሜሪካን ኤክስፕረስ አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌውም ቤተሰቡም ራሱ ነው። ግን መስመሩ ያው ነው።)

እንግዲህ ቤተሰቡ እሺ ከማለቱ በፊት ምን መረመረ? ካርዱ የእኛ ነው ወይ? ጠፋ ወይም ተሰረቀ ተብሏል ወይ? ጊዜው አልፏል ወይ? በቂ ገንዘብ አለበት ወይ? አጠራጣሪ ምልክት አለ ወይ? ይኸው ነው። ደንበኛዋ ያዘዘችው ቀሚስ በልኳ ይሰፋላታል ወይ ብሎ አልጠየቀም። ምግቡ በሰዓቱ ይደርሳል ወይ ብሎም አልጠየቀም። ካርዱ ተሰርቆ ባለቤቱ ገና ካላወቀ ባንኩም አያውቅም። እሺ ይላል።

እሺ ከተባለ በኋላም ሰርጉ ገና ነው። ሬስቶራንት ያላችሁ ይህን በየቀኑ ታዩታላችሁ። ሂሳቡ 60 ዶላር ነው፤ ካርዱ አፕሩቭድ ይላል። ደንበኛው 12 ዶላር ቲፕ ይጽፋል። ባንኩ የያዘላችሁ 60ውን ነው፤ የምትስቡት ግን 72ቱን ነው፣ ያውም የቀኑን ሂሳብ ስትዘጉ። ሰርጉ ያ ነው። ገንዘቡ ወደ ባንካችሁ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት የሥራ ቀን፣ ኮሚሽኑ ተቀንሶ። ሂሳቡ ሳይዘጋ ቀናት ካለፉት እሺታው ይፈርሳል፤ ባንኩ የያዘውን ለባለቤቱ ይለቅለታል። «ሁለት ጊዜ ቆረጣችሁብኝ» ብሎ የሚደውለው ደንበኛም ብዙ ጊዜ ያየው ይህንን ነው። ሁለት ጊዜ እሺ ተብሏል፤ ሰርጉ ግን አንድ ነው። ሌላኛው ፔንዲንግ (ገና ያልተቆረጠ) ሆኖ ይቆይና ራሱ ይጠፋል። ወዲያውኑ ሪፈንድ (ተመላሽ) አትላኩ፤ መጀመሪያ የዘጋችሁት ስንቱን እንደሆነ እዩ።

ቻርጅባክ (ደንበኛው ለባንኩ አቤት ብሎ የከፈለውን ማስመለሱ) ደግሞ ሙሽራዋ ከሰርጉ በኋላ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደገና ይቀመጣሉ። እዚህ ላይ ግን ንጽጽሩ አንድ ነገር ይጎድለዋል። የእኛ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይፈርድም። በካርድ ግን ደንበኛው ለባንኩ አቤት ሲል ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ከእናንተ ይወሰዳል። ማስረጃ አምጡ የምትባሉት ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንድ ኩባንያ ለሙግቱ ብቻ 15 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ያስከፍላል፤ ብታሸንፉ የሚመልስም አለ፣ የማይመልስም አለ። መልስ የምትሰጡበት ቀነ ገደብ አጭር ነው። ኢሜይሉን ሳያዩ ቀኑ ያለፈባቸው ሰዎች እውነት ይዘው ይሸነፋሉ። በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ደንበኛው እስከ መቼ አቤት ማለት ይችላል? በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ለብዙዎቹ ምክንያቶች 120 ቀን ነው። «አገልግሎቱን አላገኘሁም» ለሚል ክስ ደግሞ ቆጠራው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ አገልግሎቱ ይሰጣል ከተባለበት ቀን ነው። በጥር ለመስከረም ሰርግ ዲፖዚት (ቅድሚያ ክፍያ) የተቀበለ ኬተሪንግ (ለዝግጅት ምግብ የሚያቀርብ ንግድ) ይህን ልብ ይበል። በጥር አፕሩቭድ ያለው ካርድ ሰርጉ ካለፈ ከወራት በኋላም ሊመለስ ይችላል። «የሚነካው የለም» የሚለው ምክር ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይደመስሰዋል።

ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ሌላም ነገር ጨምሯል። «ቺፕ ከመጣ ወዲህ ቻርጅባክ ቀርቷል» ይላል። ቺፕ የሚለው ካርዱ ላይ ያለችውን ትንሿን ብረት ነው። ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2015 አሜሪካ ውስጥ የካርድ ድርጅቶቹ ደንባቸውን ቀየሩ። ከዚያ በፊት በተባዛ ካርድ የሚደርሰውን ኪሳራ በአብዛኛው ባንኩ ይሸከም ነበር። ከዚያ በኋላ ቺፕ የማያነብ መሣሪያ የያዘ ነጋዴ ራሱ ተሸካሚ ሆነ። ማደያዎች በፓምፕ ላይ ላለው ክፍያ እስከ ሚያዝያ 2021 ጊዜ ተሰጣቸው። በቺፕ ወይም በታፕ (ካርዱን በማስነካት) በትክክል ከተከፈለ የማጭበርበሩ ኪሳራ በአብዛኛው የባንኩ ነው። ይህ እውነት ነው። ታፕ የሚቀበለው መሣሪያ የራሳችሁ ስልክ ቢሆንም ያው ነው። ግን ይህ ጥበቃ የሚሠራው ለአንድ ዓይነት ክስ ነው፤ «እኔ አልከፈልኩም» ለሚለው። «ከፍያለሁ፣ ግን ቀሚሱ አልደረሰኝም» ለሚል ደንበኛ ቺፑ ምንም አይመልስለትም። «ምግቡ የተስማማነው አይደለም» ለሚልም እንደዚሁ።

በስልክ ተነግሯችሁ በእጅ የምትጽፉት የካርድ ቁጥር ደግሞ ምንም ጥበቃ የለውም ማለት ይቻላል። ከጀርባው ያለው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ገጠመ፣ ዚፕ ኮዱም ገጠመ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ኪሳራውን ከትከሻችሁ አያወርደውም። በእጅ ለሚጻፍ ካርድ ኮሚሽኑ ከታፕ ከፍ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን እንቅልፍ ወደሚነሳኝ ልምጣ። የኬተሪንግ ማጭበርበር ነው። ያነጣጠረው ደግሞ በትናንሽ ንግዶች ላይ ነው።

እንዲህ ነው። በቴክስት ትልቅ ትዕዛዝ ይመጣል። ለ80 ሰው፣ የቤተሰብ ዝግጅት፣ ቀኑ ቅርብ ነው። ሰውዬው በስልክ አያወራም። ሆስፒታል ነኝ፣ ወይም ጆሮዬ አይሰማም ይላል። ዋጋ አይከራከርም። ከዚያ «የአበባ ሠሪው ካርድ አይቀበልም፤ ከእኔ ካርድ 1,500 ዶላር ጨምራችሁ ቁረጡና ለእሱ በዜል ላኩልኝ፣ ለድካማችሁም 100 ዶላር ጨምሩ» ይላል። ካርዱን ትጽፋላችሁ። አፕሩቭድ! ነጋዴው ገንዘቡ ተረጋግጧል ብሎ ያምናል፤ በዜል ይልካል። ዜል እንደ ቴሌብሩ ነው፤ ከሄደ ሄደ። ካርዱ ግን የተሰረቀ ነበር። እውነተኛው ባለቤት ስቴትመንቱን (የሂሳብ መግለጫውን) ያያል፣ ለባንኩ ይደውላል፣ ሙሉው ገንዘብ ከነጋዴው ይወሰዳል። ነጋዴው የምግቡን ወጪም፣ ለ«አበባ ሠሪው» የላከውንም ያጣል።

ይህ ማጭበርበር በሙሉ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው። አፕሩቭድ ማለት ገንዘቡ የእኔ ነው የሚለው እምነት። ለዚህ ነው ያ ቪዲዮ ቀላል ስህተት ነው ብዬ የማላልፈው። ደንበኛ በካርድ ከፍሎ ትርፉን ለሦስተኛ ሰው ላኩልኝ ካለ አትላኩ። የሚያከራክር ነገር የለውም። እውነተኛ ደንበኛ ከሆነ አበባ ሠሪውን ራሱ ይከፍላል።

ጭራሽ እሺ ሳይባል እሺ የተባለ የሚመስልበት ሁኔታም አለ። ኦፍላይን ሞድ ይባላል። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ላይ በጁላይ ድንኳን ተክላችሁ ቀሚስ ወይም ምግብ ስትሸጡ አስቡት። ሺህ ሰው በአንድ ቦታ ስልኩን ይጎረጉራል፤ ኔትወርክ ይሞታል። አፑ «ኦፍላይን ተቀበል» ይላችኋል። ትቀበላላችሁ፣ ስክሪኑ ደስ የሚል ምልክት ያሳያል። ሽማግሌው ግን ገና ከቤት አልወጣም። ካርዱ የሚጠየቀው ስልኩ መስመር ሲያገኝ ነው። ያን ጊዜ ዲክላይንድ (አልተፈቀደም) ካለ ደንበኛው ቀሚሱን ይዞ ሄዷል፤ ኪሳራው የእናንተ ነው። ለአንድ ስኒ ቡና ልትደፍሩ ትችላላችሁ። ለ300 ዶላር ቀሚስ ግን መስመር እስኪመጣ ጠብቁ፣ ወይም የሌላ ድርጅት ሲም ያለበት ስልክ ያዙ። ኦፍላይን የተቀበላችሁትን ይዛችሁ ስልኩን አጥፍታችሁ አትተኙ። ኩባንያው ከወሰነው ሰዓት በፊት መስመር ካላገኘ ክፍያው ጊዜው ያልፍበታል።

«ገንዘቤን ያዙብኝ» የሚለው ቅሬታም እዚህ ይገባል። ሁልጊዜ በ20 እና በ30 ዶላር የሚሸጥ ሰው ድንገት የ4,000 ዶላር ክፍያ በእጅ ጽፎ ሲያስገባ ኩባንያው ሊይዘው ይችላል። በደቂቃ ውስጥ ሲመዘግባችሁ ብዙ አልጠየቃችሁም። የሚጠይቃችሁ አሁን ነው። ቻርጅባክ ቢመጣና እናንተ መክፈል ቢያቅታችሁ ዕዳው የእሱ ስለሆነ ነው። አያያዛቸው ፍጹም ነው አልልም፤ የሰው ደመወዝና ኪራይ አስሮ ሳምንታት ዝም ማለት ትክክል አይደለም። ትልቅ ትዕዛዝ ስትቀበሉ ግን ውሉንና ኢንቮይሱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ሲጠይቁ በዚያው ቀን ትልካላችሁ።

ገንዘብ መመለስ ካለባችሁ በመጣበት ካርድ ብቻ መልሱ። ሂሳቡ ገና ካልተዘጋ ቮይድ አድርጉት (ሰርዙት)፤ ከተዘጋ ሪፈንድ ነው። ሪፈንድ ስታደርጉ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ኮሚሽኑን አይመልሱም፤ ያማል፣ ግን ቻሉት። ደንበኛው «በጥሬው ስጠኝ» ካለ ደግሞ እምቢ በሉ። ጥሬውን ወስዶ ነገ ለባንኩ አቤት ቢል ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ፤ የሰጣችሁትን ጥሬ ገንዘብ የሚያይ ሽማግሌ የለም።

ማስረጃ ስል የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ዋጋና የስረዛ ደንብ ያለበት አጭር ውል፣ ደንበኛው «እሺ» ያለበት ቴክስት፣ ምግቡ አዳራሹ ውስጥ ሲራገፍ የተነሳ ፎቶ፣ የተቀበለው ሰው ስም። ፊርማ ላይ ብዙ አትመኩ፤ ትልልቆቹ የካርድ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ፊርማ የግድ መሆኑን አስቀርተዋል።

ከብዙ ማጭበርበር በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ያለ ማንም ክፋት የሚመጣው ክስ ነው። ደንበኛው በልቶ፣ ተደስቶ፣ ቲፕ ሰጥቶ ሄዷል። ከወር በኋላ ስቴትመንቱ ላይ የማያውቀውን የኤልኤልሲ (የተመዘገበ ድርጅት) ስም ያያል። ንግዱ የተመዘገበው በነጋዴዋ አያት ስም ነው፤ በሩ ላይ ያለው ሌላ ስም ነው። «ይህን አላውቀውም» ብሎ ለባንኩ ይደውላል። ይህን ለማስቀረት አምስት ደቂቃ ይበቃል። አፑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በደንበኛ ስቴትመንት ላይ የሚወጣውን ስም በሩ ላይ ባለው ስም ቀይሩት፤ ደረሰኙ ላይም ስልክ ቁጥራችሁን ጨምሩበት።