ቴርሞዳይናሚክስና ስታቲስቲካል ሜካኒክስ በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት

ቴርሞዳይናሚክስና ስታቲስቲካል ሜካኒክስ ለፊዚክስ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት የሚሰጡ፣ አንዱን ጉዳይ ከሁለት አቅጣጫ የሚይዙ ትምህርቶች ናቸው። ቴርሞዳይናሚክስ ቁስ ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቅ ግፊትን፣ ይዘትንና ሙቀትን እየለካ ሕግ ያወጣል። ስታቲስቲካል ሜካኒክስ ያንኑ ሕግ አቶሞችን ቆጥሮ ይደርስበታል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለየብቻ ያስተምሯቸዋል፤ ሌሎች «ቴርማል ፊዚክስ» ብለው ያጣምሯቸዋል። የምህንድስና ተማሪ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ብቻ ይመረቃል።

አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ አንድ ዕዳ ይዞ ነው የሚገባው። በአየር ትንበያ ዕለት ዕለት የምንሰማው «የሙቀት መጠን» የሚለው ሐረግ፣ ቃሉን ብቻ ካየነው፣ ምን ያህል ሙቀት እንዳለ የሚናገር ይመስላል። ቴርሞሜትር ግን እሱን አይለካም። ከጀበና የተቀዳ 60 ሚሊ ሊትር ቡና በሲኒ፣ 200 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ደግሞ በበርሜል ይቀመጥ። ቡናው 80 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ውኃው 25፣ ክፍሉ 20 ነው እንበል። ምላስ የሚያቃጥለው ሲኒው ነው። ሁለቱም እስከ ክፍሉ ድረስ ሲቀዘቅዙ ግን ሲኒው 15 ኪሎጁል ገደማ ሲሰጥ በርሜሉ 4,200 ኪሎጁል ይሰጣል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግርታው ደብተር ላይ አይታይም፤ ፈተና ላይ ብቅ ይላል።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል በአመዛኙ የታሪኩ ነው። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ1824 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ሙቀትን እንደሚፈስ ነገር ቆጥሮ ተነሣ፤ መነሻው ስህተት ሆኖ ሳለ መድረሻው ልክ ወጣ። የሙቀት ሞተር የመጨረሻ አቅም የሚወሰነው በሙቁና በቀዝቃዛው ጫፍ ብቻ ነው፤ በ500 እና በ300 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ የሚነሣ የሙቀት መጠን መለኪያ) መካከል የሚሠራ ሞተር፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ከተቀበለው ሙቀት ከ40 በመቶ በላይ ወደ ሥራ አይለውጥም። ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ ውኃን በመቅዘፊያ እያማሰለ ሥራ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ አሳየ። ለዚህ የጢስ ዓባይን ያህል የሚመች ምሳሌ የለም፦ ወደ 40 ሜትር የሚወርድ ውኃ፣ የመውደቁ ኢነርጂ በሙሉ ውስጡ ቢቀር፣ የሚሞቀው በ0.1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሩዶልፍ ክላውዚየስ በ1865 ለኢንትሮፒ (ለውጡ የተሸጋገረው ሙቀት በሙቀት መጠኑ ተካፍሎ ለሚገኘው መለኪያ) ስሙን ሰጠው። የክላውዚየስን ስም የያዘው ቀመር፣ ክላውዚየስ–ክላፔይሮን፣ የመፍላት ነጥብን ከአየር ግፊት ጋር ያያይዛል፤ ግፊቱ ዝቅ ባለበት አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ለምን እንደሚፈላና ባቄላ ለመብሰል ለምን ጊዜ እንደሚፈጅ ያስረዳል።

የሚያደክመው ሒሳቡ ነው። እያንዳንዱ ፓርሻል ዴሪቬቲቭ (ከብዙ ተለዋዋጮች አንዱ ብቻ ሲነካ የሚታይ የለውጥ መጠን) የትኛው ነገር ሳይለወጥ እንደተያዘ ካልተጻፈበት ትርጉም የለውም፤ ይህን ያልለመደ ተማሪ ሴሚስተሩን ሙሉ ይደናበራል። የምልክት ጣጣም አለ። የምህንድስና መጻሕፍት ሞተሩ የሠራውን ሥራ በመደመር ሲጽፉ፣ የኬሚስትሪ መጻሕፍት በሞተሩ ላይ የተሠራውን ይደምራሉ። ሁለቱን ገልጦ የሚያጠና ሰው አንደኛው የተሳሳተ ይመስለዋል።

ቆጠራው የሚጀምረው በሳንቲም ነው። አሥር ሳንቲሞች ወርውረን ዘውድ ወይም ጎፈር ብንል፣ ሊመጡ የሚችሉት አደራደሮች 1,024 ናቸው። አምስት በአምስት የሚወጡት 252፣ ሁሉም ጎፈር የሚሆነው አንድ ብቻ። ሳንቲሞቹ 100 ሲሆኑ በየሰከንዱ ቢወረወሩ እንኳ ሁሉንም ጎፈር ለማየት የዓለም ዕድሜ አይበቃም። በአንድ ሲኒ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ደግሞ ከ10²⁴ ይበልጣሉ። ሉድቪግ ቦልትዝማን ኢንትሮፒን ከአደራደሮቹ ብዛት ሎጋሪዝም ጋር አሰረው፤ ቀመሩ ቪየና በሚገኘው መቃብሩ ላይ ተቀርጿል። በ1906 ሲሞት አቶም መኖሩን የሚጠራጠሩ ምሁራን ገና ነበሩ። የእሱን ስም የያዘው ቋሚ ቁጥር ከ2019 ጀምሮ በትክክል 1.380649×10⁻²³ ጁል በኬልቪን ተብሎ ተደንግጓል። አሜሪካዊው ዊላርድ ጊብስ በ1902 አጠቃላይ ቅርጹን አስያዘው፤ ተማሪው በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚታገለው ፓርቲሽን ፈንክሽንም (ሊኖሩ የሚችሉትን ሁኔታዎች በኢነርጂያቸው እየመዘነ የሚደምረው) የዚያው ቅርጽ አካል ነው።

የበርሜሉ ዕዳ የሚከፈለው እዚህ ነው። በቆጠራው ቋንቋ «የሙቀት መጠን» የሚነግረን ጥቂት ኢነርጂ ሲጨመር ኢንትሮፒ ምን ያህል እንደሚያድግ ነው፤ ሞቃት የሆነው ጥቂት የሚያድግለት ነው። ስለዚህ ሲኒው ኢነርጂ ለክፍሉ ሲለቅ ከሚያጣው ኢንትሮፒ ክፍሉ የሚያገኘው ይበልጣል። ሙቀት ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው የሚሄደው ለዚህ ነው። በእኔ ግምት ይህ ትርጉም ከመጀመሪያው ሳምንት ቢነገር ብዙ ጣጣ ይቀንሳል፤ የአብዛኞቹ ኮርሶች ልማድ ግን ማቆየት ነው።

በኢትዮጵያ ዘርፉ ከትምህርት ክፍል አልፎ ምርምርም ሆኗል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ምሁር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት የታሰሩ ሲሆን፣ በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት የሚሰጠውን የሳካሮቭ ሽልማት ተቀብለዋል። የምርምር መስካቸው ስታቲስቲካል ፊዚክስ ነው። ከሠሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ብራውናዊ የሙቀት ሞተር ይባላል፦ በሙቀት ልዩነት መካከል የምትንከራተት አንዲት ቅንጣት ምን ያህል ሥራ ልትሠራ እንደምትችል፣ አቅሟም ካርኖ ካሰመረው ወሰን ምን ያህል እንደሚርቅ የሚጠይቅ ነው።