ስልካችን እስከ ስንተኛው በር ይግባ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው የቤተ ክርስቲያኗን አሠራር አይረሳም። ከውጭ ክብ ናት። መጀመሪያ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ በመካከል ደግሞ አራት ማዕዘን ሆኖ መቅደሱ አለ። በቅኔ ማኅሌት መዘምራን ያዜማሉ፤ በቅድስት ምእመናን ሥጋ ወደሙን ይቀበላሉ፤ ወደ መቅደስ ግን ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይዘልቅም፤ በሮቹ ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ተስለውበታል። ለሁሉም ቦታ አለው፤ የሁሉም ቦታ ግን አንድ አይደለም።

ሐዋርያው ጳውሎስ «የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እንደ ሆናችሁ የእግዚአብሔርም መንፈስ እንዲኖርባችሁ አታውቁምን?» (1ኛ ቆሮ. 3፥16) ይለናል። «ስልክ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ስልክ የራቀውን ልጅ ድምፅ ያሰማል፤ የታመመውን ያስጠይቃል፤ ጉባኤ መምጣት ላልቻሉት ስብከት ያደርሳል። ይልቅ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ በውስጣችን እስከ የትኛው በር ድረስ ይገባል? ዛሬ በብዙዎቻችን ዘንድ የማናውቀው ሰው ቀልድ፣ የጫማ ማስታወቂያና የእናታችን ጥሪ በአንድ በር፣ በአንድ ድምፅ፣ እኩል እየገቡ ነው። ድካሙ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በጣና ዓሣ የሚያሰግሩ ሰዎች መረባቸውን ማታ ጥለው ጠዋት ያነሣሉ። ቆሮሶ ወይም አምባዛ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ባዶውንም ሊወጣ ይችላል። አስጋሪው ሌሊቱን ሙሉ በየአምስት ደቂቃው እየቀዘፈ መረቡን ቢያነሣ እሱም አይተኛ፣ ዓሣውም አይያዝ። እኛ ስልካችን ላይ የምናደርገው ግን ይህንኑ ነው። አንዳንዴ የናፈቅነው ሰው መልእክት እናገኛለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም። ሁልጊዜ ቢገኝ ወይም ጨርሶ ባይገኝ ኖሮ እጃችን ቶሎ በሰለቸው። መቼ እንደሚገኝ አለመታወቁ ነው እጅን የሚያስለምደው። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንን በእንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ አሳይቷል፤ ብዙ የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ «ፈቃዴ ደካማ ስለሆነ ነው» ብሎ ራሱን ብቻ የሚወቅስ ሰው ግማሹን እውነት ትቶታል። ንስሐ መግባት ያስፈልጋል፤ መረቡ የተዘረጋበትን ቦታ መቀየርም ያስፈልጋል።

ከሴቲንግ እንጀምር። በመጀመሪያ ኖቲፊኬሽን የሚለውን ከፍታችሁ ከጥሪና ከአጭር መልእክት በቀር የሌላውን መተግበሪያ ሁሉ ዝጉ። በአዶው ጥግ የምትታየውን ቀይ ቁጥርም አጥፏት፤ ድምፅ ባይኖራትም ትጠራለችና። ሥራ ላይ ሳለን የመጣ መልእክት ባንከፍተው እንኳ ሐሳባችንን ይሰርቃል፤ «ማን ይሆን?» ማለት ብቻውን በቂ ነው። ቴሌግራም ውስጥ ደግሞ ግሩፖችንና ቻናሎችን በሙሉ ድምፅ አልባ አድርጋችሁ በግል የሚጽፉላችሁን ሰዎች ብቻ ተዉ። የእድሩ፣ የማኅበሩ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ግሩፕ ይህ ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ማታ ገብታችሁ ታነቡታላችሁ።

ቀጥሎ «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚለውን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ማለዳ 12 ሰዓት በራሱ እንዲበራ አድርጉት። እዚህ ላይ ብዙዎች «እናቴ ብትታመምስ?» ብለው ይተዉታል። መፍትሔ አለው። የቤተሰባችሁን ስም በኮከብ ምልክት ለዩና የእነርሱ ጥሪ እንዲያልፍ ፍቀዱ። በተጨማሪ ደጋግሞ የሚደውልን ሰው የሚያሳልፍ ምርጫ አለ፦ በአንድሮይድ ያው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ፣ በአይፎን በ3 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ስልኩ ይጮኻል። ይህን ለዘመዶቻችሁ ንገሯቸው፤ «አስቸኳይ ከሆነ ሁለቴ ደውሉ» በሉ። የባጃጅና የጀልባ ሾፌሮች፣ ሱቅ ያላችሁ፣ ተረኛ ነርሶች፣ ጥሪውን መዝጋት አይጠበቅባችሁም፤ እንጀራችሁ ነውና። የሚዘጋው ሌላው ነው።

ከዚያ በኋላ መረቡን የምታነሡበትን ሰዓት ወስኑ። አዲስ ሥርዓት መፍጠር አያስፈልግም፤ ቤተ ክርስቲያን ቀኑን አስቀድማ ከፍላልናለች። በ3 ሰዓት፣ በ9 ሰዓትና በ11 ሰዓት፣ በሠለስት፣ በተሰዓትና በሠርክ፣ አስቀድማችሁ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፤ ከዚያ ስልኩን ከፍታችሁ 15 ደቂቃ ያህል መልሱ፤ ዝጉ። ይህ የሚፈርሰው በአብዛኛው «ሰዓት ልይ» በሚል ሰበብ ነው። ሰዓቱን ሊያይ ያነሣ ሰው 20 ደቂቃ ቆይቶ ሲያስቀምጠው ስንት ሰዓት እንደሆነ አላየም። የእጅ ሰዓት እሰሩ።

የሌሊቱ ነገር ከሁሉ ይብሳል። ለአዋቂ ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሌሊት 11 ሰዓት ለኪዳን የሚነሣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ካልተኛ አይሞላለትም። የስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን ሰውነታችን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ብርሃኑን ደብዘዝ ማድረግ ግን ብቻውን አያድንም፤ የጦርነት ወሬ ያነበበ ልብ በጨለማም ይመታል። ስለዚህ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። ቻርጀሩን ሳሎን ሰክታችሁ እዚያው ተዉት፤ ለመቀስቀሻ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። ጌታችን «አንተ ግን ስትጸልይ፥ ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ በስውር ላለው አባትህ ጸልይ» (ማቴ. 6፥6) ብሏል። ስልክ አብሮን ከገባ መዝጊያው አልተዘጋም።

ውዳሴ ማርያምንና ዳዊትን ከስልካችሁ የምትደግሙ አላችሁ። መጽሐፉ ካላችሁ መጽሐፉን አንሡ። ከሌላችሁ መተግበሪያውን ከመክፈታችሁ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ አለዚያ «ተፈሥሒ» ብላችሁ ሳትጨርሱ ከላይ መልእክት ይወርድባችኋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባም ጫማችንን ከደጅ እናወልቃለን፤ ስልካችን ግን ከእኛ ጋር ቅድስት ድረስ ይዘልቃል። ድምፁን መቀነስ አይበቃም፤ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ቅዳሴው ይቋረጥብናል። አጥፍቶ መግባት ነው።

አሁን ብዙ ስለማይነገርለት ነገር። በአገራችን መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሟቹ ለማን ምን እንደነበረ ተመክሮ፣ ኀዘንተኛው ሌሊቱን ይተኛ ተብሎ፣ ማለዳ ሽማግሌዎች ይሄዳሉ። የታመመ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች በሌላ ጥበብ ይነገራታል። ዛሬ ግን ሬሳው ሳይገነዝ ፎቶው ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ይወጣና ልጁ አረብ አገር ሥራ ቦታ ላይ ቆማ ብቻዋን ታየዋለች። አባቶቻችን መርዶን በዚህ ጥንቃቄ የያዙት ድንገተኛ ኀዘን ብቻውን ያለን ሰው እንደሚሰብር ስላወቁ ነው። ስለዚህ የቅርብ ቤተሰቡ በሙሉ መስማቱ ሳይረጋገጥ «ነፍስ ይማር» ብላችሁ አትለጥፉ፤ ግሩፕ ላይም አትጻፉ። ሩቅ ላለ ሰው በዚያው ከተማ የሚኖር ዘመድ ወይም የአጥቢያው አገልጋይ ፈልጋችሁ በአካል ይሂድለት። ሰው ከጠፋና መደወል ግድ ከሆነ መጀመሪያ «የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መንገድ ላይ ወይም ሥራ ላይ ከሆነች ቤት እስክትገባ ጠብቁ፤ በጽሑፍ ግን ፈጽሞ አትንገሩ። «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር፥ የከንፈሮቼንም መዝጊያ ጠብቅ» የሚለው የዳዊት ጸሎት ዛሬ ለጣታችንም ያስፈልገናል።

ወሬ ማስተላለፍም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አንድ ነገር ፎርዋርድ ከማድረጋችሁ በፊት መጀመሪያ ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ ፎቶውም የዚያ ቀን መሆኑን ተመልከቱ፤ በጉግል ሌንስ ፎቶውን ብትፈልጉት የቆየ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ዋትስአፕ ላይ ሁለት ቀስት ያለበት መልእክት ከእጅ ወደ እጅ ቢያንስ አምስት ጊዜ የተሻገረ ነው፤ መብዛቱ እውነት አያደርገውም። ሌሊት የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ቁልፍ ጫን ብላችሁ ስትይዙ ያለ ድምፅ መላክ ወይም ለጠዋት ቀጠሮ መስጠት የሚል ይመጣላችኋል። የወንድምን እንቅልፍ መጠበቅም ፍቅር ነው።

ስለ ጾም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ያ ዝምታ ዕረፍት አልሆነልንም፤ የዘመድን ደኅንነት አለማወቅ ጭንቀት ነበርና። በር ከውጭ ሲዘጋብን እስር ይሆናል፤ ጌታ ያለው «መዝጊያህን ዘግተህ» ነው፤ የሚዘጋው ራሱ ጸሎተኛው ነው። ስለዚህ የስልክ ጾም በፈቃድና በልክ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ከምግብ ስንከለከል ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብም እስከ 9 ሰዓት ይጹሙ፤ ጥሪ ይቀጥል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስልኩ ሳይጠራ የተንቀጠቀጠ ይመስላል፤ እጅ ባዶ ኪስ ይዳብሳል። አትደንግጡ፤ ልማዱ ሲለቅ ነው። መተግበሪያውን በቁጣ አጥፍቶ ሌሊት መልሶ የሚጭን ብዙ ነው፤ ከማጥፋት ይልቅ ከፊት ገጹ አንሥቶ፣ ከአካውንቱ ወጥቶ፣ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ባዶውን ሰዓት ሙሉት፦ የታመመ ጠይቁ፣ ቡና ጠጡ፣ ደውሉ። ድምፅ ከጽሑፍ ይልቅ ሰውን ያቀርባል።

ለልጆች፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስም ይሻላል ይላል። ልጅ የሚያየው ግን መመሪያውን ሳይሆን የአባቱን እጅ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ተስፋ መቁረጡ፣ ሰው መሸሹ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ደግሞ ነገሩ ከስልክ አልፏል፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ ጸበሉን ተጠመቁ፣ ሐኪምም ዘንድ ሂዱ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ወደ ጣና ገዳማት ለሱባኤ የምትሻገሩ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ፦ ለቤተሰብ የት ገዳም እንደምትሆኑና የምትመለሱበትን ቀን ንገሩ፤ አስቸኳይ ነገር ቢመጣ በሚደወልለት አንድ ሰው ላይ ከእነርሱ ጋር ተስማሙ፤ ግሩፖቹ ላይ «እስከ ነሐሴ 16 አልገኝም» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ጀልባው ወደቡን ሲለቅ ስልኩን አጥፉና በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከልብሳችሁ ሥር አስቀምጡት፤ የነሐሴ ማዕበል ውኃ ይረጫል።