«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ ስውር ሙቀትና የየካቲት 1966 አብዮት

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል ብዙውን ጊዜ ለቸኮለ ሰው የሚሰጥ ምክር ነው። ፊደል መቁጠር ያስቸገረውን ልጅ፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ያጣውን ነጋዴ፣ «ዛሬውኑ ካልሆነ» የሚለውን ወጣት ሽማግሌዎች በዚህ አባባል ያረጋጉታል፤ ስለዚህም ፍቺው «ታገሥ፣ ሁሉም በጊዜው ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ፍቺ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ። አባባሉ ስለ ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን፣ የማይታይ ለውጥ እንዴት ተጠራቅሞ በአንድ ቀን እንደሚገለጥ ይናገራል።

ምንጩን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዶሮ ያስታቀፈ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ዶሮዋ እንቁላሎቿን ታቅፋ 21 ቀን ያህል ትቀመጣለች፤ ጥቂት ለመልቀምና ውኃ ለመጠጣት ካልሆነ በቀር አትነሣም፤ በየጊዜውም በምንቃሯ እያገላበጠች ሙቀቷ ለሁሉም እንዲዳረስ ታደርጋለች። በእነዚያ ቀናት እንቁላሉን ከውጭ ለሚያየው ሰው አንዳች የተለወጠ ነገር የለም፤ በመጀመሪያው ቀን የነበረው ቅርፊት በ20ኛውም ቀን ያው ነው። ከዚያ ቅርፊቱ ከውስጥ ይሰነጠቅና፣ ትናንት ሰው ካላነሣው በቀር ከቦታው የማይንቀሳቀሰው ነገር በሁለት እግሩ ቆሞ ይሄዳል። እንቁላል ቀስ በቀስ ትልቅ እንቁላል አይሆንም፤ ሌላ ነገር ይሆናል። ሙቀቱ ከተቋረጠበት ደግሞ ይገማል እንጂ አይፈለፈልም። ስለዚህ አባባሉን «እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ» ለማለት የሚጠቀምበት ሰው ዶሮዋን ረስቷታል።

ፊዚክስ ይህን የመሰለውን ለውጥ በቁጥር ያስረዳል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በረዶ እየቀለጠ ሳለ የሙቀት መጠኑ እንደማይጨምር አስተዋለ። በዜሮ ዲግሪ ላይ ያለን አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚፈጀው ሙቀት፣ ያንኑ ያህል ውኃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ሊያደርስ የሚችል ነው፤ ሆኖም በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። በመለኪያው ላይ ስለማይታይ ስውር ሙቀት ይባላል። አገርን በአደባባይዋ ጸጥታ ብቻ የሚለካ መንግሥትም ይህን ቴርሞሜትር ብቻ እንደሚያይ ሰው ነው፤ መለኪያው ስላልተንቀሳቀሰ እሳቱ የጠፋ ይመስለዋል።

የፖለቲካ ለውጥን በውኃ መፍላት ማስረዳት አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናውያኑ ፈላስፎች ሄግልና ኤንግልስ ተጠቅመውበታል፤ በእኛም አገር በአብዮቱ ዘመን «የመጠን ለውጥ ወደ ዓይነት ለውጥ ይሸጋገራል» የሚለው ትምህርት የውይይት ክበብ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሰማው ነው። ነገር ግን ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ወለል ላይ ነው፤ የአየር ግፊቱ በሚያንስበት በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል፤ በደንብ በተከደነ የግፊት ድስት ውስጥ ደግሞ 120 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የመፍያው ነጥብ የሚወሰነው ከላይ በሚጫነው ግፊት ጭምር በመሆኑ፣ ለሁሉም ኅብረተሰብ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ባሕርይ ነው። ንጹሕ ውኃ በለስላሳ ዕቃ ውስጥ በእርጋታ ቢሞቅ የመፍያውን ነጥብ አልፎ እንኳን ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል፤ አረፋ የሚጀምርበት ጭረት ወይም ጉድፍ ያስፈልገዋልና። በዚያ ሁኔታ ላይ ሳለ ማንኪያ ቢነካው ባንድ ጊዜ ይገነፍላል። የ1966ን ዓመት ሳስብ ይህ ውኃ ይታየኛል። በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር እሳቱ ትልቅ ነበር፤ ዋና ከተማውን የያዘ ጦር በቀናት ውስጥ ተሸነፈ፤ አገሩም አልተከተለውም። ከዚያ በኋላ የባሌ ገበሬዎች ለዓመታት ተዋጉ፤ ተማሪዎች በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ፤ የጎጃም ገበሬዎች በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ አመፁ፤ በመጨረሻም የወሎ ረሃብና መሸፈኑ ተጨመረበት። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ዙፋኑን ያልነቀነቀ ይመስል ነበር። በጥር 1966 ግን ከመሃል አገር ርቀው በነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ስለ መጠጥ ውኃቸው አጉረመረሙ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የላኩትንም ጄኔራል ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሉት። በወር ከጥቂት ቀናት ውስጥ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ፣ መምህራን በትምህርት ዕቅድ ምክንያት ሥራ አቆሙ። አንድ የጉድጓድ ውኃ ከክብር ዘበኛ ጦር የበለጠ ኃይል የነበረው፣ በመካከሉ ባለፉት 13 ዓመታት ድስቱ ስለሞቀ ነው።

ይህ ንጽጽር ጥቅሙን ይበልጥ የሚያሳየው በቀጣዩ ነገር ነው። መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ቀነሰ፣ የወታደር ደመወዝ ጨመረ፣ የትምህርት ዕቅዱን አዘገየ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም ሥራውን ለቀቀ። አድማው ግን አልበረደም፤ በየካቲት 28 የሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ፤ በሚያዝያ ደግሞ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው በታላቅ ሰልፍ አዲስ አበባን ሞሉ። ከልክ በላይ የሞቀ ውኃ ግፊቱ ሲላላለት አይረጋም፤ ያን ጊዜ ነው የሚፈላው። ይህን ስል ጭቆናው መቀጠል ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ ክዳኑ መላላት የነበረበት ውኃው ለብ ባለበት ዘመን ነበር እያልሁ ነው።

ሆኖም እንቁላሉ ከድስቱ ይልቅ እውነተኛ ምሳሌ የሚሆንባቸው ነገሮች አሉ። እንፋሎት ቢቀዘቅዝ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ ጫጩት ግን ወደ እንቁላል አይመለስም። ውኃ ደግሞ የትም ቢፈላ የሚወጣው ያው እንፋሎት ሲሆን፣ ከእንቁላል የሚወጣውን የሚወስነው በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ነው። የቻይናው አብዮት መሪ ማኦ ዜዱንግም ሙቀት እንቁላልን ጫጩት እንደሚያደርግ፣ ድንጋይን ግን ጫጩት ማድረግ እንደማይችል ጽፎ ነበር፤ እኔ ግን የድንጋዩ ሳይሆን የባዕድ እንቁላሉ ነገር ነው የሚያሳስበኝ። የታቀፈችው ዶሮ የራሷን እንቁላል ከሌላው አትለይም። በየካቲት ሙቀቱን የሰጡት ገበሬዎች፣ ተማሪዎች፣ መምህራንና ሠራተኞች ነበሩ፤ በመስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ በእግሩ የሄደው ግን የወታደር ልብስ የለበሰው ደርግ ነበር፤ መፈክሩም «ያለምንም ደም» ይል ነበር። ኅዳር 14 ቀን፣ ገና ሦስት ወር ሳይሞላው፣ 60 ያህል ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ያለፍርድ ረሸነ።