«እግሩን መትቶ መጣል አይችልም ነበር?» ስለ አይስ፣ ስለ ፖሊስና ስለ ተኩስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጃንዋሪ 7 ቀን 2026 ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ የአይስ (የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያስከብረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) መኮንን መኪናዋ ውስጥ የነበረችን ሴት ተኩሶ ገደለ። ጃንዋሪ 24 እዚያው ከተማ የድንበር ጥበቃ ሰዎች አንድ ነርስ ገደሉ። ሁለቱም የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ሁለቱም ሲገደሉ የሰው ስልክ ይቀርጽ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በዚያ ብርድ ሰልፍ ወጣ።

ሚኒሶታ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለም። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው የአሜሪካ ስቴቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ወሬው በቲክቶክም፣ በዋትስአፕም፣ ቡና ላይም ደረሰን። እኔም ስሰማና ስከራከር ከረምኩ። ከሰማሁት ግማሹ ስህተት ነው። የተወሰነውን ስህተት ያወራሁት ደግሞ ራሴ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ተቀምጬ አንብቤአለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«አይስም ፖሊስ ነው፤ ሁሉም ያው ናቸው»

ይሄ ስህተት ከቃሉ ይጀምራል። አገር ቤት «ፌዴራል መጣ» ሲባል ከሰፈሩ ፖሊስ የተለየ ነገር መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። አሜሪካ ስንገባ ግን ዩኒፎርም የለበሰውን ሁሉ «ፖሊስ» ብለን እንጨርሳለን።

አሜሪካ ውስጥ ወደ 18,000 የሚጠጉ የሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤቶች አሉ። የከተማ ፖሊስ አለ፣ የካውንቲ ሸሪፍ አለ፣ የስቴት ፖሊስ አለ፣ ፌዴራል አለ። አንዱ የሌላው አለቃ አይደለም። የሚኒያፖሊስ ፖሊስ አዛዥ የአይስን መኮንን «ሂድ፣ ና» ማለት አይችልም። የአይስ አለቃም የከተማውን ፖሊስ ማዘዝ አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 ፌዴራል መንግሥት የስቴትንና የካውንቲን ባለሥልጣናት አስገድዶ የራሱን ሥራ ማሠራት እንደማይችል ወስኗል።

አይስ ራሱ ወጣት ድርጅት ነው፤ የተቋቋመው በ2003 ነው። የድንበር ጥበቃው፣ ቦርደር ፓትሮል የምንለው፣ ከ1924 ጀምሮ አለ። ሁለቱም በአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሥር ናቸው፤ ግን የተለያዩ ናቸው። በጃንዋሪ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። ወደ አካባቢው የተላከው የፌዴራል ሰው ወደ 3,000 ይጠጋል ሲባል የከተማው ፖሊስ 600 አካባቢ ነበር።

የከተማ ፖሊስ የኢሚግሬሽን ወረቀት የማይጠይቀው «ሊበራል ስለሆነ ነው» የሚሉም አሉ። ይሄን ለሚል ሰው የሎስ አንጀለስን ታሪክ እነግረዋለሁ። እዚያ «ልዩ ትዕዛዝ 40» የሚባል መመሪያ በ1979 ወጣ። ፖሊስ የሰውን የመኖሪያ ፈቃድ ለማጣራት ብሎ ሰው እንዳያስቆም ይከለክላል። በጊዜው የፖሊስ አዛዥ የነበሩት ዳሪል ጌትስ ናቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንኳን ሊበራል ሊባሉ፣ በእጃቸው ክብደት የታወቁ ሰው ነበሩ። ምክንያቱ የሥራ ነው። የተዘረፈ ሰው ፖሊስ ከፈራ አይደውልም። ግድያ ያየ ሰው ከፈራ አይመሰክርም። ምስክር ከሌለ ገዳይ አይያዝም።

በሌላ በኩል ከአይስ ጋር ስምምነት ፈርመው የኢሚግሬሽን ሥራ የሚሠሩ ሸሪፎችና ፖሊሶችም አሉ። «ቱ ኤይቲ ሰቨን ጂ» የሚባለው ነው፤ ከ1996 ጀምሮ በሕግ አለ። ስለዚህ «የእኛ ካውንቲ ፖሊስ ይተባበራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ካውንቲው ነው። ሜሪላንድ ያለ ዘመድህ የነገረህ ቴክሳስ ላይ ላይሠራ ይችላል።

«መኪና ከተንቀሳቀሰ መተኮስ ይፈቀዳል»

ከጃንዋሪ 7 በኋላ ብዙ ክርክር ያየሁት እዚህ ላይ ነው። አንዱ «መኪና መሣሪያ ነው» ይላል። ሌላው «መኪና ላይ መተኮስ ክልክል ነው» ይላል። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ፖሊሶች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ላይ ማሰብ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። የኒውዮርክ ፖሊስ በ1972 በሚንቀሳቀስ መኪና ላይ መተኮስን ከለከለ፤ ከመኪናው ውስጥ የሚተኮስ ወይም ሌላ ገዳይ አደጋ ከሌለ በስተቀር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሹፌሩን ብትመታው መኪናው አይቆምም። ቶን የሚመዝን ብረት፣ መሪውን የሚይዝ የሌለው፣ ወደ ሕዝብ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ብዙ ከተሞች ተከተሉ። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2022፣ የአገር ውስጥ ደኅንነት በ2023 ያወጡት መመሪያም በዚያው መንገድ ነው። መኪናን ለማስቆም ብቻ ተብሎ አይተኮስም። መኪናው ሰው ሊገድል የመጣ ከሆነና ሌላ መላ ከሌለ ይተኮሳል። በፍትሕ ሚኒስቴሩ መመሪያ ገለል ማለትም እንደ መላ ይቆጠራል።

የድንበር ጥበቃውን ጉዳይ ላነሣ ነው፤ ምክንያቱም የሚገርም ነው። በ2013 መሥሪያ ቤቱ ራሱ የፖሊስ አዛዦች የሚመሩትን ፐርፍ የተባለ የጥናት ድርጅት ጠርቶ 67 የተኩስ ጉዳዮችን አስመረመረ። 19 ሰው የሞተባቸው ናቸው። የተገኘው ነገር ምንድን ነው? አንዳንድ መኮንኖች ሆን ብለው ከመኪናው ፊት እየቆሙ ነበር፤ ከዚያ «ሊገጨኝ ነው» ብለው ይተኩሳሉ። ይህን ያለው የሰብአዊ መብት ተሟጋች አይደለም። ፖሊሶች ስለ ፖሊሶች የጻፉት ነው።

ሕጉስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመሥሪያ ቤት መመሪያ መጣስ ራሱን ችሎ ወንጀል አይደለም። ፍርድ ቤት የሚያየው በ1989 ግራሃም በተባለው ጉዳይ የተቀመጠውን መለኪያ ነው፦ እዚያ ቦታ ላይ የነበረ አስተዋይ መኮንን ምን ያደርግ ነበር? ኋላ ተቀምጠን ቪዲዮ እያዘገየን የምናየው አይቆጠርም። የጉዳዩ መነሻ ራሱ ተኩስ አልነበረም። ስኳሩ የወረደበት አንድ የስኳር ሕመምተኛ ጁስ ሊገዛ ሱቅ ገብቶ ሰልፍ ስላየ ሮጦ ወጣ። ፖሊስ ጠረጠረው፤ ከዚያ የሆነው ሆነ።

ቀድሞ አንዳንድ ፍርድ ቤቶች መኮንኑ የተኮሰባትን ሁለት ሰከንድ ብቻ ያዩ ነበር። ከመኪናው ፊት ለምን ቆመ? መኪናው ላይ ለምን ዘለለ? አይጠየቅም ነበር። በሜይ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሄን ሻረው፤ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው። ጉዳዩ ሂዩስተን አካባቢ አንድ መኮንን ባልተከፈለ የመንገድ ክፍያ ያስቆመው ሹፌር ሲነሣ መኪናው ላይ ተንጠልጥሎ የገደለበት ነው። አሁን ዳኛ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ማየት አለበት። ይሄ ማለት ግን መኮንኑ ይፈረድበታል ማለት አይደለም።

የሚሸሽ ሰውስ? በ1985 ተወስኗል። በ1974 ሜምፊስ ውስጥ አንድ የ15 ዓመት ልጅ አጥር ሲዘል ከኋላ ተመቶ ሞተ። የያዘው ቦርሳና 10 ዶላር ነበር። ፍርድ ቤቱ መሸሽ ብቻውን የሞት ቅጣት አያስከትልም አለ። ሸሺው ለሰው ሕይወት ከባድ አደጋ መሆን አለበት።

«እግሩን ለምን አይመታውም?»

ጋሼ የምላቸው አንድ ሰው አሉ፤ በየጊዜው ይሄን ይጠይቁኛል። ጥያቄው የርኅራኄ ነው። ግን አሜሪካ ውስጥ የፖሊስ ማሠልጠኛዎች በአጠቃላይ ይሄን አያስተምሩም። እግር ቀጭን ነው፤ ይንቀሳቀሳል፤ የሳተው ጥይት ሌላ ሰው ይመታል። ጭን ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ሥር ከተመታ ደግሞ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ የሚማሩት ሰፊውን የሰውነት ክፍል፣ ደረትን እንዲያልሙ ነው። ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ሽጉጥ የሚተኮሰው ለመግደል በሚያበቃ ምክንያት ብቻ መሆን አለበት። «ላስፈራራው» ብሎ ወደ ሰማይ መተኮስም በአብዛኛው ክልክል ነው። ወደ ላይ የወጣ ጥይት አንድ ቦታ ይወርዳል።

«ፌዴራል ስለሆነ ማንም አይነካውም» / «ክሰሱት፣ ያልቅለታል»

ጃንዋሪ 8 ምክትል ፕሬዚዳንት ጄዲ ቫንስ ከአንድ ቀን በፊት የተኮሰው የአይስ መኮንን ፍጹም ያለመከሰስ መብት አለው ብለው ተናገሩ። ብዙ ሰው ይሄን ሰምቶ ነገሩ አለቀ ብሏል።

እውነቱ መካከል ላይ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከ1890 ውሳኔ ነው። አንድ የፌዴራል ጠባቂ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሲጠብቅ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሰው ገደለ። ስቴቱ ሊከሰው ፈለገ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አይሆንም አለ። ግን ምክንያቱን እዩት፦ ሥራውን እየሠራ ስለነበር እና ያደረገውም ለሥራው አስፈላጊና ተገቢ ስለነበር ነው። አስፈላጊና ተገቢ ካልነበረ ጥበቃው የለም። ይሄንን የሚወስነውም ዳኛ ነው፤ ፖለቲከኛ አይደለም። በ1992 ሩቢ ሪጅ አይዳሆ ውስጥ አንድ የኤፍቢአይ አነጣጣሪ ተኳሽ አንዲት ሴት ገድሎ የካውንቲው ዓቃቤ ሕግ ከሶታል። በ2001 ይግባኝ ሰሚው 6 ለ 5 ክሱ ይቀጥል አለ። ከዚያ አዲስ ዓቃቤ ሕግ ተመርጦ መጣና ክሱን ተወው። ሕጉ በሩን አልዘጋም ነበር፤ የዘጋው ምርጫ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ፕሬዚዳንት ምሕረት የሚያደርገው ለፌዴራል ወንጀል ነው። የስቴት ክስ ላይ ሥልጣን የለውም።

ችግሩ ማስረጃ ነው። ሚኒሶታ የራሷ የወንጀል ምርመራ ቢሮ አላት። ጃንዋሪ 7 ላይ ከኤፍቢአይ ጋር አብሮ ሊመረምር ጀምሮ ነበር። ወዲያው ኤፍቢአይ ብቻውን ያዘውና የስቴቱ መርማሪዎች ማስረጃውን እንዳያዩ ተደረገ። ለመርማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጥይቱ፣ መኪናው፣ የምስክር ቃል በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ምን ይመረምራል?

የካሳ ክስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የከተማ ፖሊስ ቢበድልህ በፌዴራል ሕግ ራሱን መክሰስ ትችላለህ። የፌዴራል መኮንን ከሆነ ግን ያ ሕግ አይመለከተውም። መኮንኑን ራሱን ለመክሰስ በ1971 የተከፈተች ጠባብ በር ነበረች፤ በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የድንበር ጥበቃ መኮንን ጉዳይ ልትዘጋ ምንም እስኪቀራት አጠበባት። የቀረው በዋናነት መንግሥትን መክሰስ ነው። ወገኖቼ «ሚሊዮን ዶላር ታገኛለህ» የሚለውን ወሬ ቀንሱ።

«መቅረጽ ወንጀል ነው»

አይደለም። በርካታ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች በአደባባይ ሥራ ላይ ያለን ፖሊስ መቅረጽ መብት ነው ብለዋል። ቦስተን ውስጥ በ2007 አንድ ሰው መናፈሻ ውስጥ ፖሊስ ሲቀርጽ ታሰረ፤ በ2011 ፍርድ ቤቱ መብቱ ነበር አለ፤ ከተማዋ በኋላ 170,000 ዶላር ከፈለች።

መቅረጽና መጋረድ ግን ይለያያሉ። የፌዴራል መኮንንን በኃይል ማደናቀፍ እስከ አንድ ዓመት ያሳስራል። አካሉን ከነካህ እስከ ስምንት ዓመት፤ መሣሪያ ካለበት ወይም ጉዳት ከደረሰ እስከ ሃያ። መኪናም እንደ መሣሪያ ሊቆጠር ይችላል። ግሪን ካርድ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ክሱ ቢቀርም መዘዙ ኢሚግሬሽን ፋይሉ ላይ ሊከተለው ይችላል። ሰልፍ ውጡ ወይም አትውጡ ማለቴ አይደለም። ዜጋ ጓደኛህ የሚያደርገውን ሁሉ አንተ ስታደርግ ዋጋው እኩል አይደለም ማለቴ ነው።

«ፖሊሶች በሙሉ አይስን ይደግፋሉ»

መጀመሪያ የአይስ መኮንኖችን ፍርሃት ላንሣ፤ ፈጠራ አይደለምና። በጁላይ 2025 አልቫራዶ ቴክሳስ ውስጥ በአንድ የአይስ ማቆያ ደጃፍ አንድ የአካባቢው ፖሊስ አንገቱን በጥይት ተመታ። በሴፕቴምበር ዳላስ ውስጥ አንድ ሰው ከጣሪያ ላይ ሆኖ የአይስ ቢሮ ላይ ተኮሰ፤ የሞቱት እስረኞች ናቸው። ጃንዋሪ 7 የተኮሰው መኮንን ራሱ ከወራት በፊት በመኪና ተጎትቶ ቆስሎ እንደነበር ባለሥልጣናት ተናግረዋል። አንዳንዱ ይሄን የሚያነሣው ለማጽደቅ ነው። ሌላው ደግሞ «ታዲያ እንዲህ የተጎዳን ሰው ለምን መኪና ፊት መለሱት?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥብኛል።

የከተማ አዛዦች ግን ሌላ ጭንቀት አላቸው። ፌዴራሎቹ ተኩሰው ይሄዳሉ። የተቆጣውን ሕዝብ የሚጋፈጠው የከተማው ፖሊስ ነው፤ ጭምብል ያላደረገው፣ ስሙ ደረቱ ላይ ያለው፣ ነገም እዚያው ሰፈር የሚዞረው። ሚኒያፖሊስ ደግሞ ጆርጅ ፍሎይድ በ2020 የተገደለባት ከተማ ናት። ከዚያ ወዲህ ከሕዝቡ ጋር ለመታረቅ ስንት ደክመዋል።

በዚያው ጃንዋሪ፣ ከሁለቱ ግድያዎች መካከል፣ የአካባቢው የፖሊስ አዛዦች ተሰብስበው መግለጫ ሰጡ። ከሚኒያፖሊስ አጠገብ ያለችው የብሩክሊን ፓርክ ከተማ አዛዥ ማርክ ብሩሊ አንድ ታሪክ ተናገሩ። ከሥራ ውጪ የነበረች አንዲት የራሳቸው ፖሊስ መንገድ ላይ በፌዴራል ሰዎች ተከበበች። ዜጋ ናት፤ ነጭ አይደለችም። ወረቀት አምጪ ተባለች። ስልኳን አውጥታ ልትቀርጽ ስትል ስልኩን ከእጇ መቱት። ሽጉጥ መዘዙባት። በመጨረሻ ፖሊስ መሆኗን ነገረቻቸው። ያኔ ጥለዋት ሄዱ።